አባቴ ያልሰማው እሺታ

ብዙ አገር ዞሬ ብዙ ጽፌያለሁ። የጨው ሜዳ አይቻለሁ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ በጭነት መኪና ተሻግሬያለሁ፣ ስሙን አሁን የረሳሁት ተራራ ላይ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አድሬያለሁ። ከቤቴ ደጅ ተነስቼ፣ ከከተማው ሳልወጣ፣ ለእራት የተመለስኩበትን መንገድ ግን ጽፌ አላውቅም። የዛሬው እንደዚያ ነው፤ ከገርጂ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ ወደ ቦሌ ለሚ፣ ከዚያ ወደ ቤት። አጭር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ እኔም ንቄው ነው የወጣሁት።

የጉዞ ጓደኛዬ አባቴ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል። ወሎ ተወልዶ፣ በጉርምስናው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገርጂ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ እኔንና ታናሽ እህቴን ሰዓዳን አሳደገ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ከስድስት ወር በፊት አባቴን ስትሮክ መታው። አላህ ይመስገን ተረፈ፤ እግሩ ተመለሰ፣ አፉ ተፈታ፣ ግራ እጁ ብቻ ትንሽ ሰነፈ። ጠያቂው ሁሉ "እንኳን ለዚህ አበቃችሁ" ብሎን ሄደ። እኛ ግን ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንደጎደለ እናውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ መናገር አቃተን እንጂ። ቀልድ አይገባውም። በስልክ ብናለቅስለት አያጽናናም። የራሱም ድምፅ እንደተተኮሰ ጨርቅ ዝርግት ብሏል። ስለዚህ ለዛሬ ቅዳሜ፣ ለሦስት ሰዓት፣ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩለት።

ለእሱ የነገርኩት ይህንን ብቻ ነው። የደበቅኩት ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ሰዓዳ ተቀይማው ከቤት ከወጣች ሦስት ወር ሆኗታል፤ የምትሠራውም የምትኖረውም ቦሌ ለሚ ነው። ከሐኪሙ በኋላ በዘዴ ወደዚያ ልወስደውና ፊት ለፊት ላስቀምጣቸው አስቤያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ገርጂ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ጭቃ ብቻ ነው። አባቴ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። እንደ ወትሮው ዘግይቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ወንበር አልሞላም ብሎ ሹፌሩ አልንቀሳቀስም አለ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ሆነ። ቆስጣና ሰላጣ በዘንቢል የያዘች ሴትዮ ከኋላ ወንበር ጮኸች።

"አይዞህ ሹፌር፣ አትቸኩል! ምሳችንንም እዚሁ እንበላለን!"

አባቴ ዞር ብሎ፣ በትሕትና፣ "ኧረ ገና ቁርስ ሰዓት ነው፣ ልጄ" አላት።

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። "አራዳ ሽማግሌ ናቸው ባክህ!" አለ አንዱ ወጣት። አባቴ ሰዎቹ ሲስቁ አይቶ እሱም ፈገግ አለ። ከስድስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ነገሯን ተቀብሎ "እኔማ እራቴንም ቋጥሬ ነው የመጣሁት" ይላት ነበር። አሁን ግን ቀልድ አልነበረም፤ የእውነቱን ነው የመለሰላት። ለሁለታችን አርባ ብር ከፍዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አባቴ ድሮ ማን እንደነበረ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሰፈሩ ጋሽ ሰይድ ይለዋል። አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ የታወቀው ግን በአንድ ነገር ነው፣ ድምፅ በማንበብ። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቱ ትጠራና አባቷ "ምን ትያለሽ?" ይላታል። ጨዋ ልጅ "እሺ" አትልም፤ "እምቢ"ም አትልም። አንገቷን ደፍታ፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ እንዳላችሁ" ትላለች። ሰውየውን የምትወደውም የማትወደውም የምትናገረው ያንኑ ነው። ልዩነቱ ያለው ድምፅዋ ላይ ነው። ያንን እንዲሰማላቸው ጎረቤቶቻችን አባቴን ይጠሩት ነበር። አንድ ጊዜ ሁሉም ተስማማች ብለው ለምርቃት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እሱ ብቻ "ቆዩ፤ ይህች ልጅ እምቢ ነው ያለችው" ብሎ አስቁሟቸዋል። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ በየዒዱ እየመጣች እጁን ትስማለች።

ከሦስት ወር በፊት የሰዓዳ ተራ ደረሰ። ጀማል ይባላል፤ የጅማ ልጅ ነው፣ እሷ በምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ይጠግናል። በአጎቱ መሪነት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ከአልጋው በወጉ ተነስቶ መቀመጥ የጀመረው ያኔ ገደማ ነው። ሰዓዳ ተጠራች። "እኔ ምን አውቃለሁ አባ፣ አንተ እንዳልክ" አለች። ጓዳ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ደስታው ሊያመልጣት ደርሶ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድንጋይ እንኳ ቢሆን እሺ ማለቷን ያውቃል። አባቴ ደግሞ ጠየቃት። ያንኑ መለሰችለት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና "ልጄ አልፈለገችም፤ ይቅር በሉን" አላቸው።

ሰዓዳ "የጅማ ነው፣ መካኒክ ነው ብሎ ናቀብኝ" አለች። ሴት ልጅ ደግሞ አባቷን "እወደዋለሁ እኮ" ብላ አትሟገትም። ልብሷን በሻንጣ ከታ ወጣች። እኔ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው "ድምፅዋ ባዶ ነበር" ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም። ጨከነ ብዬ ተቀይሜው ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከታክሲ ስንወርድ ቅዳሴው ገና አልወጣም፤ የካህናቱ ዜማ በድምፅ ማጉያው የመኪናውን ጥሩንባ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። መንገደኛው በቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እያማተበ ያልፋል፤ ሌላው ከአጥሩ ማዶ ካፌው በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይጠጣል። ክሊኒኩ ከካፌዎቹ ጀርባ፣ መስተዋት በመስተዋት የሆነ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። አባቴ በቀኝ እጁ መደገፊያውን ይዞ፣ በየፎቁ እያረፈ፣ ሳያማርር ወጣ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አጠገባችን ነጠላ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ያመጣቸው ልጃቸው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሳልጠይቀው ሁሉንም ነገረኝ። እሳቸውንም ስትሮክ ነው የመታቸው፤ በግራው የአንጎላቸው ክፍል።

"ቃል አይገባቸውም" አለኝ። "ውሃ ልስጥሽ ብላቸው ዝም ብለው ያዩኛል። ብርጭቆውን ካላሳየኋቸው አያውቁትም።"

ይህን እያወራን ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው በስልኩ መጮህ ጀመረ። እትዬ አስካለ ደነገጡ። ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ልጃቸው ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ "አይዞሽ እማዬ፣ አይዞሽ" አላቸው፤ ተረጋጉ።

"ቃል አይገባቸውም አላልከኝም?" አልኩት።

ሳቀ። "አይገባቸውም። እዪ እንግዲህ" አለና እንደገና ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው በሚያባብል ድምፅ፣ "መገናኛ… ጉርድ ሾላ… ሰሚት… ጎሮ…" እያለ የታክሲ ፌርማታ ይቆጥርላቸው ጀመር። የእትዬ አስካለ ፊት ቀስ እያለ በራ። የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱት። ጎሮ ላይ ሲደርስ ዓይናቸው በእንባ ሞላ።

እኚያ እናት አንድም ቃል አልገባቸውም፤ የተባሉት ግን ሁሉ ገብቷቸዋል።

አባቴ ሁሉንም ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። "ሐያት፣ ደክሞሻል?"

"አይ፣ ምንም አልሆንኩም" አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ከታመመ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሌሊት ሌሊት በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። አባቴ መልሴን ተቀብሎ አንገቱን ነቀነቀና ፊቱን መለሰ። እትዬ አስካለ ግን ከልጃቸው ፊት ላይ እጃቸውን አነሱ፣ ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፣ እጄንም ጥብቅ አድርገው ያዙት። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። ቃሌን ያልሰሙት እሳቸው ድካሜን ሰሙ፤ ቃሌን የሰማው አባቴ ድካሜን አልሰማም። ተራችን እስኪደርስ እጄን አልለቀቁኝም፤ እኔም አላስለቀቅኳቸውም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከሐኪሟ ዘንድ

ዶክተር ሜሮን ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በመጀመሪያ አባቴን ጠየቀችው።

"ከታመሙ ወዲህ ምን ተለወጠብዎ?"

"እኔ አልተለወጥኩም" አላት። "ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት።"

"እንዴት?"

አባቴ ወደ እኔ ሳያይ መለሰ። "ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወሩኝ። ልጆቼም። አንዷ በስልክ ደህና ነኝ ትላለች፣ ዜና ነው። ይህችኛዋ ቁርስ ብላ ትላለች፣ ዜና ነው። የታመመ ሰው ይሰለቻል፤ ሰልችቻቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ስድስት ወር ሙሉ እኛ እሱ ጨከነብን እንላለን፤ እሱ ደግሞ እኛ መውደዳችንን የተውን መስሎት ብቻውን ተቀምጧል። ሶፍት ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር ዶክተሯ ከጠረጴዛዋ ላይ ገፋ አደረገችልኝ።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ "ልጁ ቤት ገባ።" መጀመሪያ በደስታ አሰማችው፤ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ይመስላል። ቀጥሎ በቁጣ፤ ያ ልጅ ዛሬ ዱላ አይቀርለትም። ሦስተኛው በኀዘን፣ አራተኛው በፍርሃት ነበር። በአራተኛው የእኔ ፀጉር ቆመ። ከእያንዳንዱ በኋላ "ሴትዮዋ ምን ተሰምቷታል?" ትለዋለች። አባቴ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ጆሮውን አቅርቦ፣ በሙሉ ልቡ አዳመጠ።

"ልጁ ቤት ገባ ነው የምትለው" አለ። አራቱንም ጊዜ።

"አራቱ ይለያያሉ?"

"አንድ ናቸው፣ ልጄ። ለምን እንደምትደጋግሚው አልገባኝም።"

ዶክተሯ ስልኩን አስቀመጠችና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ራሷ፣ ፊቷን እያሳየች፣ ተናገረችው። አባቴ ወዲያው "ተቆጥተሻል" አላት። በሌላው ደግሞ "አሁን ፈርተሻል።" አንዱንም አልሳተም። ፊት ማንበቡ እንዳለ ነው። የጠፋው የድምፁ ነው።

ዶክተር ሜሮን አንድ ወረቀት ስባ ክብ ሣለች፣ መሐሉንም በመስመር ከፈለችው። በአብዛኛው ሰው፣ አለችን፣ ግራው የአንጎል ክፍል ቃሉን ይፈታል፤ ምን ተባለ የሚለውን። ቀኙ ደግሞ ዜማውን ይፈታል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን፣ መፍጠን መዘግየቱን፣ መሻከር መለስለሱን። ሁለቱ እየተቀባበሉ አንድ ያደርጉትና "ልጁ ቤት ገባ" የሚለው ደስታ ወይም መርዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ዓይን ተርገብግቦ እስኪመለስ አይፈጅም። ሕፃን ቃል ከማወቁ አስቀድሞ ዜማ ያውቃል፤ ገና በማህፀን ሳለ የእናቱ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል ይሰማዋል። አባቴን የመታው ስትሮክ በቀኙ በኩል ነው። ግራ እጁ የሰነፈውም ለዚሁ ነው።

"የራሳቸውም ድምፅ እንደዚያው ነው" አለችኝ። "ውስጣቸው አልደረቀም፤ ሁሉም ይሰማቸዋል። ድምፃቸው ነው የማያወጣው።"

"ይድናል?"

"ልምምድ አለ፤ ቀስ በቀስ ሊሻሻል ይችላል። ሙሉ በሙሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። እስከዚያው መለወጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የተሰማችሁን በቃል ንገሯቸው። ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛል፣ እየቀለድኩ ነው በሏቸው።"

ወረቀቱን ለምኜ ወሰድኩት። ተራራም ገደልም አይቼ ተደንቄያለሁ፤ በእርሳስ የተሣለ ክብ እንዲህ ያስደንቀኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ፣ ሳሾፍ፣ ስኮሳተር ኖሬ፣ ከእያንዳንዱ ቃሌ ሥር እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሱብሃነላህ አልኩ በልቤ። ወጥተን ካፌ ገብተን ስፕሪስ ጭማቂ ጠጣን፤ የቦሌ ዋጋ ነው፣ አንዱ ብርጭቆ ሁለት መቶ ብር። አባቴ ግማሹን ተወው።

ወደ ቦሌ ለሚ፣ ስድስት ሰዓት

ወደ ቦሌ ለሚ በስልክ ታክሲ ጠራሁ። ሰባት መቶ ብር አለ፤ ለደረጃው ካሣ ይሁን ብዬ ከፈልኩ። በመጣንበት ተመልሰን፣ ገርጂን አልፈን ወደ ጎሮ ወጣን። ከዚያ ከተማው እየሳሳ ይሄዳል። ያልተጨረሰ ፎቅ፣ ብሎኬት የሚያመርት ግቢ፣ የሲሚንቶ መኪና፣ ደግሞ ሌላ ያልተጨረሰ ፎቅ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ላም ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። ዝናቡ ያጠበው ሰማይ ጥርት ብሎ፣ በስተምሥራቅ ተራራው ቅርብ መስሎ ይታያል።

አባቴ ወዴት ነው የምንሄደው ብሎ አልጠየቀም። ከጎሮ ትንሽ እንዳለፍን በድንገት ተናገረ።

"ያን ቀን ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ነበር።"

"አዎ አባ።"

"ሻርፗንም ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋለች።"

"ልማዱ ነው እኮ አባ።"

"ፊቷን አላየሁትም" አለ። ግራ እጁን በቀኙ ያዘና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ባዶ ነው ያልኩት የእሷን ድምፅ ነበር። ባዶው የእኔ ጆሮ ኖሯል። ሐያት፣ ልጄ እሺ ብላ ነበር?"

"እሺ ብላ ነበር" አልኩት። "ጓዳ ሆኜ ሰምቻታለሁ።"

አባቴ ለስንቱ ቤት የሌላ ሰው ልጅ እሺታ ሰምቶ ሲያበቃ የራሱ አመለጠው። ይህን ሲያስብ ድምፁ አልተለወጠም፤ ግን ከዓይኑ ሥር ወርዶ ጢሙ ላይ ያረፈ እንባ አየሁ። ሹፌሩ በመስተዋት አይቶ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

"ወደ ፋብሪካዋ ውሰጅኝ" አለኝ።

"ወደዚያው ነው የምንሄደው፣ አባ።"

"ከጠዋቱ ጀምሮ?"

"ከጠዋቱ ጀምሮ።"

"ይህ ቀልድ ነው?"

"አይ አባ፣ እውነት ነው።"

ቦሌ ለሚ፣ ሰባት ሰዓት

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ማዶ በላስቲክ የተጠለለ ሻይ ቤት አለ። ሻይ፣ ሳምቡሳና ፍርፍር ይሸጣሉ። ለሰዓዳ ደውዬ እዚያ ነን ብያት ነበር፤ ከማን ጋር እንደሆንኩ ግን አልነገርኳትም። ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ተከፍቶ ሴቶቹ መውጣት ጀመሩ። አልቆም አሉ። ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ይደበላለቃል፤ አንዷ ሌላዋን እየተጣራች፣ እየተሳሳቀች፣ አንዷ ደግሞ እየተነጫነጨች። ቋንቋውን የማላውቀውን እንኳ ማን እንደተቆጣችና ማን እንደምታሾፍ ለየሁ። ማለዳ ቢሆን ይህ ሁሉ ጫጫታ ነበር የሚመስለኝ።

ሰዓዳ አባቴን ስታይ እርምጃዋ ተቆረጠ። ቀርባ ግን ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች፤ ቅያሜ ሌላ፣ አክብሮት ሌላ።

"ደህና ነህ አባ?"

"አልሐምዱሊላህ። ያን ቀን ስሕተቱ የእኔ ነው" አላት ወዲያው፣ ሳይቀመጡ፣ በዚያ በዝርግ ድምፁ። "ይቅር በይኝ።"

የሰዓዳ ፊት ደነደነ። "የግድህን ከሆነ ይቅርብህ አባ" አለች። አልፈረድኩባትም። ድምፁን ለሰማ ሰው ይቅርታ ሳይሆን የዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ነበር የሚመስለው።

ጎትቼ አስቀመጥኳት። ወረቀቱን አወጣሁ፤ ክቡን፣ መስመሩን፣ ግራና ቀኙን አሳየኋት። ስለ አራቱ "ልጁ ቤት ገባ" ነገርኳት፣ ስለ እትዬ አስካለና ስለ ታክሲ ፌርማታው ነገርኳት። "ድምፁን አትስሚ፣ ሰዓዳ" አልኳት። "ቃሉን ብቻ ስሚ። ከልቡ የሚወጣው በቃሉ በኩል ብቻ ነው አሁን።"

ሰዓዳ ወረቀቱን አየች፣ አባቷን አየች።

"ሰዓዳ" አላት አባቴ፣ "ሻርፑን ከፊትሽ አንሺና ቀና በይ። ፊትሽን ልየው። ጀማልን ትፈልጊዋለሽ?"

አንባቢዎቼ፣ ይህ ጥያቄ እንዴት ያለ እንደሆነ ይገባችኋል። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ለአባቷ ዓይን ለዓይን እያየች የማትናገረው ነገር ቢኖር ይህ ነው። አጠገባችን የሥራ ጓደኞቿ ሳምቡሳቸውን ይዘው ጆሯቸውን ጥለዋል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ማንቆርቆሪያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ሰዓዳ ሻርፗን ወደ ኋላ አደረገችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

"እኔ ምን አው…" ብላ ጀመረችና ተወችው። አንዴ ተነፈሰች። "እፈልገዋለሁ፣ አባ። እወደዋለሁ። እሺ በልልኝ።"

አባቴ ፊቷን አየ። እንደዚያ አተኩሮ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

"አሁን ሰማሁሽ" አላት።

ቀጥሎ ያደረገውን አልጠበቅኩም። ስልኩን አውጥቶ የጀማልን አጎት ቁጥር ፈለገና ደወለ። የሴት ወገን አይለምንም፤ ያውም አንዴ የመለሰውን ሽማግሌ ተመለስልኝ ብሎ የሚለምን አባት እሱ ራሱ በሽምግልና ዘመኑ አልገጠመውም። ሰዓዳ "አባ፣ ተው፣ ታፍራለህ" ብላ እጁን ልትይዘው ነበር። አልሰማትም። ግራ እጁ ስለማይጠነክር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው።

"ሰይድ ነኝ፣ የሰዓዳ አባት። ያን ቀን እምቢ ያለችው ልጄ አይደለችም፤ በሽታዬ ነው። ልጄ እሺ ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት። አሁን እኔ እለምንዎታለሁ፤ ይመለሱ።"

"ጋሽ ሰይድ፣ የሴት አባት ሲለምን ሰምቼ አላውቅም" አሉ አጎትየው።

"እኔም ሰምቼ አላውቅም። ተቆጥተዋል ወይ? ድምፅ አይገባኝምና በቃል ይንገሩኝ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? በመጨረሻ መለሱ። "ተቆጥቼ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ግን አልተቆጣሁም። ለመጪው ጁምዓ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ።"

እኔና ሰዓዳ ተያየን። የአጎትየው ድምፅ ተሰባብሮ ነበር፤ ሊያለቅሱ ደርሰው ቃሉን በግድ ነው የጨረሱት። አባቴ ያንን አልሰማም።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ስልኩን እየዘጋ። "አልተቆጣሁም ብለዋል። ፍርፍር እዘዙ፤ ርቦኛል።"

ገርጂ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ሰዓዳም አብራን ተመለሰች። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ተኛች፤ ግራ ትከሻው ላይ፣ በሰነፈው በኩል። ክንዱ ደንዝዞበት እንደሆነ ብጠይቀው "አዎ፣ ግን አትቀስቅሻት" አለኝ። ደጃችን ስንደርስ እሷ ዳቦ ልትገዛ ወደ ሱቅ ሄደች፤ እኛ ደረጃውን ወጣን።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ሰው ሲናገር ከቃሉ ሥር ሌላ ሰው አብሮ እንደሚናገር ተማርኩ እላችኋለሁ። ያንን ሁለተኛውን በዕድሜዬ ሁሉ በነጻ አግኝቼው ስለኖርኩ ዋጋውን አላውቅም ነበር። ብዙውንም ነገር ለእሱ ትቼለት፣ አፌ ሳይናገር ኖሬያለሁ። ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ማድረጉ እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ ቤት እንደገባን አየሁት።

አባቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ጫማዬን ሳወልቅ አየኝና የጠዋቱን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ሐያት፣ ደክሞሻል?"

"አይ፣ ምንም አል…"

አንገቱን ሊነቀንቅ ሲል አየሁት። ሊያምነኝ ነው። የእትዬ አስካለ እጅ በእጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

"ደክሞኛል፣ አባ" አልኩት። "ስድስት ወር አልተኛሁም። የምትሞትብኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ሌሊት በርህ ላይ ቆሜ ነው የማነጋው።"

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየው። ከዚያ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ስቀመጥ በደካማው እጁ ራሴን ነካ።

"አብሽሪ" አለኝ።

በልጅነቴ፣ ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ፣ ይህችን ቃል ሲላት እንደ እንጉርጉሮ ይስባት ነበር። አሁን ዜማ የላትም። እሱም ያንን አውቆ መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት።

"ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው።"

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።